ቄስ ጡረታ አይወጣም

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ዶርም ውስጥ የተናገርኳት አንዲት ቀልድ ናት። ቀልዷ በሰዓቱ ሁሉንም አስቃለች፤ እኔን ግን ከሳቁ በኋላ እንቅልፍ ነሥታኛለች።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ልጅ ከእምድብር የመጣ ካቶሊክ ነበር። አንድ ምሽት ከቤት ተደወለለትና በጉራግኛ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያወራ ቆይቶ ስልኩን እንደዘጋ «ሁለት መቶ ብር የሚያበድረኝ አለ?» ብሎ ጠየቀን። ነገሩ ምን እንደሆነ ስንጠይቀው፣ እሱን ያጠመቁት ቄስ ከተሾሙ 50 ዓመት ስለሞላቸው ምእመናኑ ኢዮቤልዩ ሊያከብሩላቸው ነው፤ ዕድሜያቸውም 75 ስላለፈ ከቁምስናው ኃላፊነት ሊሰናበቱ ነው፤ እሱም በተማሪ አቅሙ የድርሻውን መላክ ፈልጓል።

«ቄስ ደግሞ ጡረታ ይወጣል እንዴ?» አልኩት።

«ይወጣል እንጂ! ጳጳስም ይወጣል። በነዲክቶስ 16ኛ እንኳን በ2013 በፈቃዳቸው ወርደው የለም?» አለኝ። በፈረንጆቹ መቁጠሩ ነው። ቀጠለና «እናንተስ ቄሶቻችሁን እንዴት ነው የምታሰናብቱት?» ሲል ጠየቀኝ።

«በፍትሐት!» አልኩት።

ዶርሙ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ። መብራት ከጠፋ በኋላ ግን ጣሪያውን እያየሁ ያልኩት ነገር ቀልድ ሳይሆን እውነት መሆኑ ታወቀኝ። ምክንያቱም ቢቸና አካባቢ ቤት ውስጥ መደብ ላይ የተቀመጡ፣ ሥራ ያቆሙ፣ ማንም ግን ያላሰናበታቸው አንድ ቄስ ነበሩ። የእናቴ አባት አይደሉም፤ የአባቴ አባት ናቸው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው «አባባ» እንላቸዋለን።

ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት ከቤተ መጻሕፍት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት የቀኖና ሕጎች አሏት፤ አንደኛው ለላቲን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983፣ ሁለተኛው እንደ ኢትዮጵያ ላሉ የምሥራቅ ሥርዓት አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ነው። በሁለቱም ውስጥ 75 የምትባል ቁጥር አለች። ጳጳሱም ሆነ የቁምስናው መሪ ካህን 75 ሲሞላው የመልቀቂያ ጥያቄ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ መቀበል ወይም ማዘግየት የበላዩ ፈንታ ነው። ለሚለቀው ካህንም መኖሪያውና መተዳደሪያው እንዲታሰብለት ሕጉ ያዛል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል፣ ብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ፣ ከአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስነታቸው የተሰናበቱት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ያረፉት በ2003 ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት ያህል «የቀድሞው» ተብለው ኖረዋል ማለት ነው። በእኛ ገጠር «የቀድሞው ቄስ» የሚባለው ሚስቱ ሞታበት ሌላ ያገባ ወይም ክህነቱን ያፈረሰ ነው። ስድብ ነው እንጂ ማዕረግ አይደለም። አባባን «የቀድሞው ቄስ» ብላቸው መቋሚያቸውን ሊወረውሩብኝ ይችላሉ።

ስለ አባባ ጥቂት ልበል። ንባብ የቆጠሩት በሠፈራቸው ነው። ከዚያ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ዲማ ጊዮርጊስ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምረዋል። ዲማን ሁላችንም ባናያትም ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እናውቃታለን፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸውም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። አባባ ግን ስለ ዲማ ሲያወሩ ስለ ቅኔው ብዙም አይሉም። ስለ ውሻው ነው የሚያወሩት። ግራ ባታቸው ላይ እስከ ዛሬ ያለችው ጠባሳ ቁራሽ ሲለምኑ ውሻ የነከሳቸው ናት። «ቅኔው ጠፍቶኛል፤ የውሻው ጥርስ ግን አልጠፋኝም» ይላሉ።

ቅስና የተቀበሉት በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ከዚያ በፊት ለቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ቄስ በአገልግሎቱ የሚይዘው የሰሞን መሬት ነበረው፤ ሰሞኑን ይቀድሳል፣ መሬቱን ያርሳል ወይም ያሳርሳል። አዋጁ ይህን አስቀረው። አባባ ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያነሡት፤ «እኔ ስቀስስ የሰሞኑ መሬት ቀረና ሰሞኑ ብቻ ደረሰኝ» ይሉና ይስቃሉ። ስለዚህ እንደማንኛውም ገበሬ በድርሻቸው ጤፍ እየዘሩ፣ ስንዴ እያጨዱ፣ 46 ዓመት አገለገሉ። ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ለሞት ይጠራሉ፤ በሬ ጠምደው ለክርስትና ይጠራሉ። የገንዘብ ነገር ከተነሣ፣ በከተማ ደብር የሚያገለግል ካህን ደመወዝ አለው። የቀድሞውን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003ን ያነበበ ሰው ደግሞ የሃይማኖት ተቋም ሠራተኞች በፈቃዳቸው በዚያ ሊታቀፉ ይችሉ እንደነበር ያያል። በገጠር ግን ማን መዋጮ ቆርጦ ማን ይከፍላል? ደመወዙ ራሱ የት አለና! የገጠር ቄስ ጡረታው ልጆቹ ናቸው፤ ከልጆቹ ቀጥሎ የንስሐ ልጆቹ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባባ ማገልገል ያቆሙት ማንም «በቃዎት» ስላላቸው አይደለም። ይልቁንም እንዳያቆሙ ነበር የሚፈለገው። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት አገልጋይ ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። በዚያች ቤተ ክርስቲያን የነበሩት ቄሶች አባባን ጨምሮ ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ለዘመድ ለቅሶ ቢሄድ፣ ቅዳሴ ይታጎላል። ሰውየው ግን ራሳቸው ወሰኑ። ምክንያታቸው እጃቸው ነበር። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። በመጀመሪያ ቡና ሲጠጡ ነው ያየነው፤ ሲኒው ከስኒ ማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል። እማማ በጣሳ ትቀዳላቸው ጀመር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቁርስ አልበሉም። እማማ ስትለምናቸው «ዛሬ ለአንዲት ሕፃን ሥጋውን ሳቀብል እጄ ተንቀጠቀጠ» አሉ። «ወደቀ እንዴ?» አለች በድንጋጤ። «አልወደቀም። ቢወድቅስ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ወደ መቅደስ አልገቡም።

በቃ፣ ይኸው ነው። ደወል አልተደወለም። ሰው አልተሰበሰበም። ሰሞናቸው ለሌሎቹ ሁለት ቄሶች ተከፈለ። እርሳቸውም እሑድ እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግድግዳ ተደግፈው ማስቀደስ ጀመሩ። 46 ዓመት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ሕዝቡን ከኋላው ያቆመ ሰው አንድ ቀን ከሕዝቡ ኋላ ቆመ። እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ለፈተና ስለምዘጋጅ ነገሩን ልብ አላልኩትም። ልብ ያለችው እማማ ናት። «ሰሞነኛ ሳይሆኑም ዶሮ ሳይጮህ ይነሣሉ። ተነሥተው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። የት ሊሄዱ ነው ስል የትም አይሄዱም» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ የእምድብሩን ልጅ ጥያቄ ይዤ ለእረፍት ወደ አገሬ ስሄድ መጀመሪያ የደረስኩት ሞጣ ነው፤ አጎቴ እዚያ ይኖራል። ከቢቸና ሞጣ ያለውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደብረ ወርቅን፣ ከዚያ ጉንደ ወይንን ታልፋላችሁ። ጉንደ ወይን ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ መርጡለ ማርያም ያደርሳል። ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ጓደኛዬ አንድ ቀን «አባ ገብረ ሚካኤልን ታውቃቸዋለህ? እኮ ያገርህ ሰው ናቸው» ብሎኝ አፍሬ ነበር፤ አላውቃቸውም ነበርና። አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በምትባል ቦታ ተወለዱ። እዚያው መርጡለ ማርያም ተምረው መነኮሱ። በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከሄደው መልእክት ጋር ተጉዘው ሮምንም አዩ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቅስና ተቀበሉ። በሃይማኖታቸው ምክንያት ታስረው በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። የ64 ዓመት ሰው ነበሩ። ሮም ብፁዕ ያለቻቸው በ1926 ነው፤ ከሞቱ 71 ዓመት በኋላ። ስለ ሃይማኖት ክርክሩ እዚህ የምለው የለኝም፤ የሚመለከታቸው ሰዎች አሉ። እኔን የገረመኝ ከቤታችን የአንድ ቀን መንገድ ላይ ተወልዶ እምድብር ላይ የሚታወቅ፣ ቢቸና ላይ ግን ስሙ የማይነሣ ካህን መኖሩ ነው። ቁጥሩም አብሮኝ ሰነበተ፤ 71 ዓመት።

ሞጣ የደረስኩት ለአንድ ሽልማት ነበር፤ ሳላስበው። ሞጣ ጊዮርጊስን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል እንዳሠሩት ይነገራል፤ የከተማው ሰውም በቤተ ክርስቲያኑ ይኮራል፣ ካህናቱንም ያከብራል። አጎቴና የማኅበሩ ሰዎች በእርጅና ምክንያት አገልግሎት ላቆሙ የንስሐ አባታቸው ዝግጅት አዘጋጅተዋል። ዳስ ተጥሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ማይክሮፎን አለ። ንግግር አደረጉ። ሌላም ሰው ንግግር አደረገ። አባም በመካከሉ እንቅልፍ ወሰዳቸውና አንዲት ሴት ቀስ ብላ ጋቢያቸውን አስተካከለችላቸው። በመጨረሻ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ አለበሷቸው፤ በፍሬም የተሠራ ሰርተፊኬትም ሰጧቸው። እልል ተባለ። ያለቀሱም ነበሩ፤ እንባቸው የእውነት ነበር፤ አዘጋጆቹን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምጽፈው። እኔም ዓይኔ እርሶ ነበር።

ማታ ግን ከአጎቴ ጋር እቤታቸው አደረስናቸው። ካባውን አጣጥፈው ሣጥን ላይ አስቀመጡትና «ይኼ እኮ የሚቀድሱበት ነው። ለብሼው የት ልሂድ?» አሉ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ጥያቄ ነው ያሉት። ሰርተፊኬቱን ደግሞ ዓይናቸው ስለማያይ አጎቴ አነበበላቸው። ካባው ካረፈበት ሣጥን አጠገብ ጣሳ ነበር፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ዝናብ የሚቀበል። አጎቴ ጣሳውን አየ። እኔም አየሁ። መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ከሄድን በኋላ «በካባው ዋጋ ስንት ቆርቆሮ ይገዛ ነበር?» አለኝ። በኋላ ማኅበሩ ጣሪያውን እንደከደነላቸው ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን የመከረኝ ምክር ከሁሉም በለጠብኝ፦ «አባትህ ቢኖር ይነግርህ ነበር፤ እኔ ልንገርህ። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቃቸው።»

ቢቸና ስደርስ የአባባን የንስሐ ልጆች እየዞርኩ አነጋገርኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። ሃምሳ ብር የሰጠ አለ፣ መቶ ብር የሰጠ አለ፣ ዶሮ ሸጣ የሰጠችኝ ባልቴት አለች። በጠቅላላው 4,300 ብር ሆነ። ገንዘቡን ይዤ አንድ ማታ አባባ ጋ ቀረብኩና፦

«አባባ፣ የንስሐ ልጆችዎ ሊያከብሩዎት ይፈልጋሉ። ምን ቢደረግልዎ ደስ ይልዎታል?» አልኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ጋቢ ይላሉ ብዬ ነበር።

«ደብተር ግዛልኝ። ሁለት ይሁን። ባለ መስመር» አሉ።

«ደብተር ለምን?»

«የቀበርኳቸውን ልትጽፍልኝ።»

ያን ጊዜ ነው ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው መደቡ ላይ ምን እንደሚሠሩ ያወቅሁት። በ46 ዓመት ፍትሐት ያደረሱላቸውን ሰዎች በስመ ክርስትናቸው እየጠሩ ይጸልዩላቸው ኖሯል። የተጻፈ መዝገብ የለም፤ ሁሉም በጭንቅላታቸው ነው። አሁን ግን መርሳት ጀምረዋል። «ትናንት አንዲትን ሴትዮ ሳስብ አደርኩ፤ ወለተ ምን ነበረች? መልኳ አለ፣ ቤቷ አለ፣ ስሟ ጠፋኝ። ሰሞኔን ለሌሎቹ ሰጠሁ። እነዚህን ለማን ልስጥ?» አሉኝ።

ሰዎቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው። «ለሁለት ደብተር ነው እንዴ ያዋጣነው?» ያለኝ ሰው አለ፤ እውነቱን ነው። ከቀረው ገንዘብ ጋቢ ገዛንላቸው፤ እጃቸውንም ሐኪም አሳየን። ሐኪሙ ክኒን ሰጥቶ የእርጅና መሆኑን ነገረን። ለሰበካ ጉባኤውም አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፤ ያገለገሉ ካህናት ከእርጅና የተነሣ ቢያርፉም መክፈልታቸው እቤታቸው እንዲደርስ። አንዱ «ያላገለገለ መክፈልት አይበላም፤ አዲስ ሥርዓት አታምጣ» አለኝ። እኔም ተማሪ ነኝና አፌን ይዤ ነበር። ግን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «46 ዓመት ያላገለገለ ማለትህ ነው?» አሉት። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። አሁን የአባባን ሰሞን የተረከበው ወጣት ቄስ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ መክፈልቱን ራሱ ይዞ ይመጣል። አባባ መስቀሉን ይሳለማሉ፤ እሱም ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ይሞክራል፤ «ተው፣ ተው» ይሉታል። እኔ ካየኋቸው ሥነ ሥርዓቶች ሁሉ ይህን የምወድደው ማይክሮፎን ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም።

ጽሕፈቱን የያዝነው ሌሊት ሌሊት ነው። ቀን አይሆንም፤ «ቀን ሰው አለ፣ ሐሳብ አለ፤ እነሱ የሚመጡልኝ ሌሊት ነው» ይላሉ። እሳት አያይዤ፣ ኩራዝ አብርቼ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ከመንደሩ የላይኛው ጫፍ ጀምረው ቤት ለቤት ይወርዳሉ። በዓመት ሳይሆን በቤት ነው የሚያስታውሷቸው። «ከትልቁ ዋርካ ያለው ቤት። ወልደ ጊዮርጊስ። ሚስቱ ወለተ ሥላሴ። ልጃቸው በወባ የሞተው፣ ኃይለ ማርያም።» ከወልደ ጊዮርጊሶች ብዛት የተነሣ እንዳይምታቱብኝ በቅንፍ የቤቱን ምልክት አስገባለሁ፤ ዋርካ፣ ምንጭ፣ የታችኛው በር። አንዳንዱ ሌሊት ሃያ ስም ይወጣል፤ አንዳንዱ ሌሊት ሦስት። ስም ሲጠፋቸው አላስቸኩላቸውም፤ እጃቸው ጋቢው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እማማ ከጓዳ ሆና የሚረሱትን ትነግራቸዋለች፤ ለካ እሷም አብራ ስትቆጥር ኖራለች!

በአምስተኛው ሌሊት ወደ እኛ ቤት ደረሱ። ድምፃቸው አልተለወጠም። የአባታቸውን ስም ጠሩ፣ የእናታቸውን ጠሩ፣ በሕፃንነታቸው የሞቱ ሁለት እኅቶቻቸውን ጠሩ። ከዚያ «ገብረ ሥላሴ» አሉና ቆሙ። እኔ ጽፌ ቀና አልኩ፤ በቅንፍ የማስገባውን ምልክት ስጠብቅ።

«አባትህ ነው» አሉ።

አባቴ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዓለም ስሙ ነው የማውቀው፤ ክርስትና ስሙን የነገረኝ አልነበረም፣ ወይም ነግረውኝ ረስቼዋለሁ። ፍትሐቱን ያደረሱት አባቱ ራሳቸው መሆናቸውንም የሰማሁት ያን ሌሊት ነው። ሁለቱ ቄሶች «እርስዎ ይረፉ፣ እኛ እናደርሳለን» ብለዋቸው ነበር አለች እማማ ከጓዳ። እምቢ ብለው ነበር።

ምልክት አላስገባሁም። አባባም ጥቂት ቆይተው ወደሚቀጥለው ቤት ወረዱ።

የመጀመሪያው ደብተር ሞልቷል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት ቤቶች ይቀሩናል። ወደ ኮሌጅ ስመለስ ደብተሮቹን በላስቲክ ጠቅልለው ከዳዊታቸው ጋር አስቀመጧቸው፤ የመጀመሪያውንም ወጣቱ ቄስ እየተዋሰ እየገለበጠው ነው። ለእምድብሩ ጓደኛዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። የእነሱ ቄስ ከኢዮቤልዩው በኋላ ምን እየሠሩ እንደሆነ ስጠይቀው እንደማያውቅ ነገረኝና ያንኑ ማታ ወደ ቤት ደወለ። አባባ ደግሞ ባለፈው ሳምንት በስልክ «ሦስት ስም መጥቶልኛል፤ እማማህ ይዛልሃለች። በክረምት መንገዱ ከተከፈተ ና፣ እንቀጥላለን» ብለውኛል።